ከሁለት መቶ ዲግሪ በታች

ሰውየውን መቶ በመቶ የሚሉት ለሚጠየቀው ነገር ሁሉ መልሱ አንድ ስለሆነ ነው። ዛሬ ይዘንባል? መቶ በመቶ። ሻዩ ስኳር ገብቶበታል? መቶ በመቶ። የታመመው ጎረቤት ይድን ይሆን? «መቶ በመቶ! እንዲያውም ተነሥቶ ይሮጣል፤ የሚይዘው የለም።» ጎረቤቱ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ሥራ ሲታደል የደረሰው ደግሞ፣ መቶ በመቶ የሚባል ነገር በዓይን ታይቶ የማይታወቅበት ሙያ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የጠርሙስና የክዳን ፋብሪካ መመርመሪያ ክፍል ተቀምጦ፣ ፕላስቲክ ምን ያህል እንደተሰለፈ ሲለካ ኖሯል። ፕላስቲክም ይሰለፋል ወይ የሚል ካለ፣ አሳምሮ ይሰለፋል። ፕላስቲክ ማለት ከዓይን የተሰወሩ ረጃጅም ክሮች ክምር ነው። ቀልጦ ሲቀዘቅዝ አንዳንዶቹ ክሮች ጎን ለጎን ጥብቅ ብለው ይደረደራሉ፤ ክሪስታል የሚባለው ይኸኛው ነው። የቀሩት ግን ድመት እንደተጫወተችበት የሹራብ ክር ተተራምሰው ይቀራሉ። ሁሉም ክር የተሰለፈበት ፕላስቲክ የለም፤ አልነበረም፤ በዚህ አያያዛችን ወደፊትም አይኖርም። የተሰለፈው ሲያንስ ጠርሙሱ ትኩስ ነገር ሲገባበት ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ይደፈርስና እንደ ደረቅ ብስኩት ይሰባበራል። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከመቶው ስንቱ እንደተሰለፈ መናገር አለበት። ያ ሰው እሱ ነው።

ክፍሉ ሦስት እርምጃ በአራት ነው፤ እሱ ሲያወራው ግን አውሮፕላን ያሳርፋል። መስኮቱ የሚያየው የሠራተኞቹን ምግብ ቤት በር ነው። ጠረጴዛው ላይ መለኪያ ምድጃው ተቀምጧል፤ ዕድሜው ከትዳሩ ይበልጣል፣ የተበላሸበት ጊዜ ግን ከትዳሩ ያንሳል። ምድጃው ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ሁለት የአሉሚኒየም ሳህኖች ጎን ለጎን ይገባሉ፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ የፕላስቲክ ፍርፋሪ የያዘ። ሁለቱ እኩል እየሞቁ ይሄዳሉ። የተሰለፉት ክሮች የሚቀልጡበት ሰዓት ሲደርስ ሰልፉን ለመበተን ተጨማሪ ሙቀት ይበላሉ፤ ያኔ ብዕሩ በሚንሸራተተው ወረቀት ላይ ጉብታ ይሥላል። ጉብታው በተለቀ መጠን ሰልፉም ትልቅ ነበር ማለት ነው። መቶ በመቶ ጉብታውን በመቀስ ይቆርጠውና ቁራጩን ወረቀት በሚዛን ይመዝነዋል። ሁሉም ክር ተሰልፎ ቢሆን ኖሮ ቁራጩ አንድ ሺህ ሚሊግራም ይመዝን እንደነበር መጽሐፉ አስልቶ ሰጥቶታል፤ ሦስት መቶ ከመዘነ እንግዲህ ሠላሳ በመቶ ነው። ዓለም ሁሉ በኮምፒውተር በሚለካበት ዘመን በመቀስ የሚለካ እሱ ብቻ ቀርቷል። እጁ ግን፣ እውነቱ ይነገር፣ ድንጋይ ናት፤ አትነቃነቅም። ፀጉር አስተካካዮች መጥተው ቢያዩት መቀሳቸውን ጥለው ወደ ሌላ ሙያ ይገቡ ነበር።

ከመቀሱ ይበልጥ የሚኮራበት ግን ወረቀት ቆጣቢነቱ ነው። የምድጃው ወረቀት በጭንቅ የሚገኝ ነገር ነው፤ ስለዚህ የራሱን ሕግ አውጥቷል። ፕላስቲኩ ሊቀልጥ አምሳ ዲግሪ ሲቀረው ነው ብዕሩን የሚያወርደው። ለክዳን ሰማንያ ላይ፣ ለጠርሙስ ሁለት መቶ ላይ።

«ከዚያ በታች ያለው ባዶ መንገድ ነው» ይላል። «ባዶ መንገድ ደግሞ ፎቶ አይነሣም።»

በዚህ ብልሃት አንድ ጥቅል ወረቀት አንድ ዓመት ከአራት ወር አገልግሏል። እሱ ሲያወራው ሰባት ዓመት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ከተሾመ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው፤ ወጣት ነው፣ ሸሚዙ እንደ ብረት የተተኮሰ። በእጁ አንድ የጭማቂ ጠርሙስ ይዟል። ጠርሙሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ ሲጨፍር አድሮ ግድግዳ የተደገፈ ሰው መስሏል።

«ጋሽ መቶ፣ ይህን ያውቁታል?»

«የእኛ ነው። ማን ነው እንዲህ አድርጎ የደበደበው?»

«ትኩስ ጭማቂ። ደንበኞቻችን ሞሉበት፤ ቁጭ አለ። አንድ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ አርባ ካርቶን ሙሉ ቁጭ አለ።»

«እንግዲያው ጭማቂውን አፍልተውታል! መቶ በመቶ!»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፤ የእርስዎን ወረቀት ይዤ። ሠላሳ አንድ በመቶ ይላል። ከሃያ ስምንት በላይ የሆነ ደግሞ ትኩስ ይችላል። እነሱ ግን ጠርሙሱን ለመርማሪ ማዕከል ሰጡት። በኤክስሬይ ታየ።» ወረቀት ዘረጋ። «ሃያ ስድስት።»

«ኤክስሬይ ለተሰበረ እግር ነው።»

«ጋሽ መቶ፣ እኔ ቀልድ እወዳለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ፊቱ ግን ቀልድ በዚያ ሰፈር አልፎ የሚያውቅ አይመስልም። «ማክሰኞ የማዕከሉ መርማሪ እዚህ ትመጣለች። ከዚሁ ጠርሙስ ተቆርጦ፣ እኔ ቆሜ፣ በእርስዎ ምድጃ ይለካል። ቁጥርዎ የሚታመን ከሆነ ክፍሉ ይቀጥላል። ካልሆነ መለካቱን ለማዕከሉ ሰጥቼ ይህን ክፍል የካርቶን መጋዘን አደርገዋለሁ። እርስዎም ከካርቶኖቹ ጋር...» አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም፤ ካርቶን ጠባቂ መሆን ማለት እንደሆነ ለምድጃውም ገብቶታል።

ሥራ አስኪያጁ ሲወጣ መቶ በመቶ የማዕከሉን ወረቀት አንሥቶ ስሕተት ፍለጋ ከላይ እስከ ታች ወረደበት። ግርጌ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊርማ አለ፤ ጅራቱ ሦስት ጊዜ ተጠማዝዞ ወደ ላይ የሚወረወር። ይህን ጅራት ያውቀዋል። የራሱ ጅራት ነው። ልጁ አሥር ዓመት ሲሆናት፣ በኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ «ፊርማ ማለት አጥር ነው፤ ማንም አይዝለለው» እያለ በገዛ እጁ ያስተማራት ነው።

 የሆነ ሰው ማሽኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጠፋ ያህል ፋብሪካው ጭር አለበት።

መናደድ ፈለገ፤ ተናደደም። ግን ከንዴቱ ሥር አንድ ነገር ሹልክ ብሎ ወጥቶ ከንፈሩን ወደ ጎን ጎተተው። ማዕከሉ ውስጥ ሥራ ከያዘች ስድስት ወር ያልሞላት ልጅ የአርባ ካርቶን ዕጣ በሚወሰንበት ወረቀት ላይ ፈርማለች። ደግሞም ፊርማው ያምራል።

ነገሩ ግን መላ ያጣ ነበር። እሱ ልክ ከሆነ ልጁ ተሳስታለች፤ እሷ ደግሞ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ናት። እሷ ልክ ከሆነች ክፍሉ የካርቶን ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል ተረት አለ። ይህን ያለው ሰው ልጅ አልነበረውም፤ መቶ በመቶ።

ራት ላይ ሦስቱ ተቀመጡ፤ እሱ፣ ልጁና ባለቤቱ። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ ለመቀመጫ የሚተርፈው ከጨርቅ የቀረው ቦታ ብቻ ነው። እሱ ሾርባውን እያማሰለ ጀመረ።

«ኤክስሬይሽ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። ምድጃህስ?»

«እንደ ጎረምሳ ነው።»

«አባዬ፣ በእጄ ስላለ ሥራ ማውራት አልችልም። ማዕከሉ ይከለክላል።»

«ማን አውሪ አለሽ? እኔ ጤና ነው የጠየቅኩት!»

«ልጅህ መሆኔን ነግሬያቸዋለሁ። ‹አባትሽን መመርመር ትችያለሽ ወይ?› አሉኝ። ‹ከእናቴ ቀጥሎ ከእኔ በላይ ማን ይችለዋል?› አልኳቸው።»

እናትየዋን በሳቅ ሾርባው ትን አላት። እሱም ሳይወድ ሳቀ፤ ሳቁን ለመደበቅ ዳቦ አፉ ውስጥ ሞጀረበት።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ልጅቱ ቆይታ። «ይሄ እንኳ ምስጢር አይደለም፤ ለጎረቤቱ ሁሉ የምታወራው ነው። ብዕሩን ከስንት ዲግሪ ነው የምታወርደው?»

«ለጠርሙስ ከሁለት መቶ! አንድ ጥቅል፣ ሰባት ዓመት! በዚህ ምድር ላይ እንዲህ አድርጎ ወረቀት የሚቆጥብ...»

ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ዓይኗን እሱ ላይ ተከለች። እሱም ይህን ሲያይ ወሬውን ከመሃል ተወው፤ በትዳር ዘመኑ ሁለተኛው ጊዜ መሆኑ ነው።

«ምነው?»

«ምንም። ሾርባው ይጣፍጣል።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። የባለቤቱ ታላቅ እህት ነበረች። ዘመድ አዝማድ ሁሉ እትዬ ጣት ይላታል፤ የሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታ በፊት ጠቋሚ ጣቷን በመደርደሪያ ላይ ታስኬድና አቧራውን እንደ ደብዳቤ ታነብበዋለች። ያቺን ጣት ፈርተው ቤት የቀየሩ ሰዎች አሉ።

«ማዞሪያው ጋ ደርሻለሁ» አለችና ዘጋችው። ማዞሪያው አሥር ደቂቃ ነው።

የቤቱን ነገር ባያነሡት ይሻላል። የሦስት ሴቶች ቀሚስ ተቆራርጦ ሶፋው ላይ ተኝቷል፤ ክር በየወንበሩ እግር ተጠምጥሟል፤ የጠዋቱ ሳህን ከትናንቱ ሳህን ጋር ተዋውቋል፤ የእሱ አንድ ካልሲ ደግሞ እንዴት እንደወጣ ሳይታወቅ መብራቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ተነሡ!» ብላ ባለቤቱ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ፣ አንተን ነው! ምን ታፈጣለህ?»

ቤቱ ውስጥ አውሎ ነፋስ ገባ፤ ግን የኋሊት የሚነፍስ አውሎ ነፋስ፣ የተበተነውን የሚሰበስብ። ጨርቁ ተጣጠፈ፣ ክሩ ተጠቀለለ፣ ሳህኑ ታጠበ፣ የተረፈው ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ታጨቀ፤ መቶ በመቶ በጀርባው ተደግፎ ዘጋው። በሩ ሲንኳኳ ሦስቱም በላብ ተጠምቀው፣ ፊታቸው እንደ ፍም ቀልቶ፣ እንፋሎታቸው የመስኮቱን መስተዋት አደብዝዞት ነበር።

እትዬ ጣት ገባች። ጣቷን በመደርደሪያው ላይ አስኬደች። አየችው። ገልብጣም አየችው።

«ቤታችሁ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«መቶ በመቶ!» አለ እሱ፣ ከቁም ሳጥኑ ራቅ ብሎ ደረቱን እየነፋ።

መራቅ አልነበረበትም። የቁም ሳጥኑ በር ሲጥ አለ፤ ከዚያ የሦስት ሴቶች ቀሚስ፣ ሁለት ትራስና የጠፋ የመሰለ ጃንጥላ ከነሙሉ ክብራቸው እላዩ ላይ ዘነቡ። እትዬ ጣት አልደነገጠችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ላባቸውን አንድ በአንድ አየች።

«እኔ ቤታችሁን ለማየት ነበር የመጣሁት» አለች። «ያየሁት ግን መምጣቴን ነው።»

ባለቤቱና ልጁ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። ራሱ ላይ የሰው ቀሚስ እንደጣለ ደርቆ ቀረ።

«ምን አልሽ እትዬ?»

«የሰማኸውን።»

ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ ጣሪያውን እያየች ነበር፤ ጣሪያው ላይ ምንም የለም።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፈው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ግንባሩን በእጇ ዳሰሰችው፤ ቀኑን ሙሉ «መቶ በመቶ» ሳይል ውሎ ነበርና። በሐሳቡ የሚመላለስበት አንድ ነገር ነው። ምድጃው ቀስ እያለ ሲሞቅ፣ ሁለት መቶ ሳይደርስ፣ ማንም ሳያየው፣ ፕላስቲኩ «እንግዳ መጣ» ብሎ ቤቱን ቢያስተካክልስ?

ሰኞ ከሁሉም ቀድሞ ፋብሪካው ገባ። ከተጎሳቆለው ጠርሙስ ትከሻ ላይ ፍርፋሪ ቆርጦ ሳህኑ ውስጥ አስገባ። ከዚያ በሃያ ሁለት ዓመት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ብዕሩን በሠላሳ ዲግሪ ላይ አወረደው። ወረቀቱ መንሸራተት ጀመረ። ባዶ መንገድ። አምሳ፣ ሰባ፣ መቶ። ባዶ ወረቀት ሲጠቀለል ባየ ቁጥር ሆዱ ይባባ ነበር። መቶ ሃያ ላይ ብዕሩ ነቃ። መቶ ሠላሳ ላይ ወደ ታች ዘለቀ፤ ወደ ታች! ጉብታ ሳይሆን ጎድጓዳ። ፕላስቲኩ ሙቀት መብላት ትቶ ሙቀት እየሰጠ ነበር፤ ቅዳሜ ዕለት ሦስቱን እንዳላባቸው። ሙቀቱ የተተራመሱትን ክሮች አፍታትቷቸው ገና አሁን፣ እዚያው ምድጃ ውስጥ፣ እየተሰለፉ ነው። ከዚያ ብዕሩ ወደ መንገዱ ተመለሰ፤ ሁለት መቶ አምሳ አካባቢ ያ የሚያውቀው ኩሩ ጉብታ ወጣ።

መቀሱን አነሣ። ጉብታው ሦስት መቶ አሥር ሚሊግራም መዘነ፤ እንደ ልማዱ። ጎድጓዳውን ቆረጠ፤ ሰማንያ። ያቺ ሰማንያ ጠርሙሱ ይዞት የመጣው ሰልፍ አይደለችም፤ ምድጃው ራሱ ያሰለፈው ነው። ስትቀነስ ሁለት መቶ ሠላሳ ቀረ። ሃያ ሦስት በመቶ። ከልጁ ቁጥርም በታች!

ክዳኑ ላይ ይህ ደርሶበት አያውቅም፤ የክዳን ፕላስቲክ ገና ከማሽን ሲወጣ የሚሰለፈው ሁሉ ተሰልፎ ያልቃል፤ የቀረው መንገድ እውነትም ባዶ ነው። የቀድሞዎቹ ጠርሙሶች ደግሞ ትኩስ ስለማይገባባቸው ሰልፋቸውን የሚጠይቀው አልነበረም። የጭማቂው ጠርሙስ ሥራ ከተጀመረ ግን ስምንት ወሩ ነው። ስምንት ወር ሙሉ እንግዳ ሲመጣ የሚሰናዳ ቤት ለክቶ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» ብሎ ፈርሟል፤ ባለ ሦስት ጥምዝ ጅራት።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያየ ሰው አልነበረም። ነገ እንደ ልማዱ ብዕሩን ሁለት መቶ ላይ ቢያወርድ ሠላሳ አንድ ይወጣል፤ ሥራ አስኪያጁ ምድጃና ማቡኪያ አይለይም፤ ክፍሉም ይተርፋል። ማን ያውቃል? አንዲት ሴት ብቻ። እሷም የምትመጣው አይታ ልትመዘግብ ብቻ ነው፤ የማዕከሉ ደንብ አፏን ይዟታል፤ የፈረመችበት ቁጥር ደግሞ ስሕተት ተብሎ ይቀራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን እስኪመሽ ኪሱን በእጁ ይዞ ዋለ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለራሱም አልገባውም።

ማክሰኞ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱ ክፍሉ ውስጥ ተፋፍገው ቆሙ። ለመተንፈስ ተራ መያዝ ያስፈልግ ነበር። ልጁ የማዕከሉን ነጭ ካፖርት ለብሳለች፤ እጅ ነሥታ «እንደምን አደሩ» አለችው፣ ከአንድ ቤት አብረው ቁርስ ቀምሰው እንዳልወጡ። እሱም «እግዜር ይመስገን፤ እርስዎስ እንደምን አሉ?» አላት። ፍርፋሪው ተቆረጠ፣ ተመዘነ፣ ገባ። ምድጃው ማጉረምረም ጀመረ።

የልጁ ዓይን ብዕሩ ላይ ነበር። የእሱ እጅም ብዕሩ ላይ ነበር።

«ይጀምሩ እንጂ ጋሽ መቶ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ምን እንጠብቃለን?»

«እስከ ዛሬ ድረስ ስንጠብቅ የኖርነው ሁለት መቶን ነው» አለ። «እዚያ ላይ ነው የተሳሳትኩት።» ብዕሩንም ሠላሳ ላይ አወረደው።

ሁሉንም ነገረው። የወረቀት ቁጠባውን፣ ባዶውን መንገድ፣ ጎድጓዳውን። የትናንቱን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ። እያወራ ሳለ ብዕሩ መቶ ሠላሳ ላይ ደረሰና፣ እንደተጠራ ምስክር፣ ወደ ታች ዘለቀ። ልጁ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ክፍሉ ውስጥ ከነበረው አየር ግማሹ የእሷ ነበር።

«እንግዲህ ሃያ ሦስት ነው» አለ መቶ በመቶ። «ጭማቂያቸው ምንም አልበደለም። ጠርሙሱ ሰነፍ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አየ። «ቆይ፣ እርስዎ ሃያ ሦስት፤ እሷ ሃያ ስድስት። ከሁለታችሁ ማን ነው ልክ?»

«ሁለታችንም» አሉ አባትና ልጅ እኩል።

«እንዴት ሆኖ? አንድ ጠርሙስ ነው!»

መቶ በመቶ በመስኮቱ አሳየው። የምሳ ሰዓት ደርሶ ምግብ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ ሰልፍ ከተባለ። ፊት ፊቱ ቀጥ ያለ፣ መሃሉ የሚጣመም፣ ጭራው ወሬ የያዘ ሰው ክምር።

«ስንት ሰው ተሰልፏል?»

ሥራ አስኪያጁ መቁጠር ጀመረ። «አሥራ አንድ... ያቺ ዞር ብላ የምታወራዋ ትቆጠራለች? ያ አንድ እግሩን አስገብቶ ስልክ የሚያናግረውስ?»

«ይኸዋ!» አለች ልጁ። «የእኔ ኤክስሬይ ከሰገነት ላይ ቆሞ እንደሚያይ ሰው ነው። በመደዳ የቆመ የመሰለውን ሁሉ ይቆጥራል። ሰልፉ እዚህ አልቆ ግርግሩ እዚህ ይጀምራል የሚለውን መስመር የማሰምረው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ትንሽ ወዲያ ሊያሰምረው ይችላል።»

«የእኔ ምድጃ አያይም» አለ አባትየው። «ሰልፉ ይበተን ብሎ ያዝዝና ጩኸቱን ይለካል። ተራውን የያዘ ሰው ይጮሃል። ያ ባለ ስልክ ግን ትከሻውን ነቅንቆ ይሄዳል፤ በፎቶ አለ፣ በጩኸት የለም።»

ሥራ አስኪያጁ እንደገና ወደ ውጭ አየ። ከሰልፉ ፊት ሦስተኛው ቦታ፣ መሬት ላይ፣ አንድ ጥቁር ቦርሳ ብቻውን ተራ ይዞ ቆሟል።

«ያ ቦርሳ የእኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔስ አለሁ ወይስ የለሁም?»

«እርስዎማ» አለ መቶ በመቶ «ይህን ለመለካት አዲስ ማሽን ያስፈልጋል።»

ያኔ ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። የተተኮሰው ሸሚዝ ተጨማደደ። በሁለት ወሩ የመጀመሪያው ነበር፤ ምግብ ቤቱ በር ላይ ያለው ሰልፍ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ዞሮም ለጊዜው ቀጥ አለ።

«ይስሙ» አለ ዓይኑን ጠርጎ። «እስከ ትናንት አንድ ቁጥር ጠርሙሱ ይችላል፣ አንዱ አይችልም ይለኝ ነበር። ከዚያ ጋር መኖር አልችልም። ዛሬ ሁለቱም አይችልም እያሉኝ ነው። ከሁለት ቁጥር ጋር እኖራለሁ፤ የቱ በምን እንደተለካ ከጎኑ እስከተጻፈ ድረስ። ካርቶኑን ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ።» በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። «ትናንት ነው ያወቁት አይደል? ሊደብቁኝ ይችሉ ነበር።»

«መቶ በመቶ» አለ መቶ በመቶ።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ልጁ ካፖርቷን ሳታወልቅ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱም ጀርባዋን መታ መታ አድርጎ፣ «በቃ፣ በቃ፤ ማዕከሉ ይከለክላል» አላት። 

ጠርሙሱ በአየር የሚነፋበት የብረት ቅርጽ ግድግዳ ከቀድሞው በሃያ ዲግሪ ይበልጥ እንዲሞቅ ተደረገ፤ ጠርሙሱ ከማሽን ሳይወጣ እዚያው የሚሰለፈውን ተሰልፎ እንዲጨርስ። በሁለተኛው ሳምንት በምድጃ ሠላሳ፣ በኤክስሬይ ሠላሳ ሦስት ተባለ፤ መቶ ሠላሳ ላይ የነበረው ጎድጓዳም ሞልቶ የጥፍር ጭረት አከለ። ትኩስ ጭማቂ ተሞላበት። ጠርሙሱ ቆመ፤ እንደ ጠባቂ ቆመ። በምስክር ወረቀቱ ላይ «በምን ተለካ» የሚል አዲስ ዓምድ ገባ፤ መቶ በመቶ ሲያወራው ያን ዓምድ ዓለም በሙሉ እየገለበጠው ነው። ስድስት ጥቅል ወረቀትም መጣለት፤ ሠላሳ ላይ ብዕሩን ሲያወርድ ግን አሁንም ሆዱ ትንሽ ይባባል።

ያን የሰኞውን ወረቀት ቁራጮቹን አጣብቆ፣ በመስተዋት አስገብቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው። ለመጣ ሰው ሁሉ ጎድጓዳውን በጣቱ ያሳያል። «ስምንት በመቶ!» ይላል። «ሌላው ሰው ቢሳሳት ግማሽ፣ ቢበዛ አንድ ነው። እንደ እኔ አድርጎ የተሳሳተ ሰው በዚህ ሙያ አልተፈጠረም። ያየችብኝም ልጄ ናት፤ ማን ወለዳት?»

አንድ ቅዳሜ እትዬ ጣት መጣች። ከማዞሪያው ደውላ ነበር፤ ማንም ግን አልተነሣም። ጨርቁ ሶፋው ላይ፣ ክሩ ወንበሩ እግር ላይ፣ ካልሲው መብራቱ ላይ እንዳለ ነበር። በሩን ከፍቶ አስገባት። ዞር ዞር ብላ አየች፤ ምንም አላለችም። ወደ ግድግዳው ሄደችና ጣቷን በመስተዋቱ ክፈፍ ላይ አስኬደች። አየችው።

«አቧራ አለው።»

«በምን ለክተሽው ነው እትዬ?» አለ መቶ በመቶ፣ ጨርቁን ገፋ አድርጎ የምትቀመጥበት ቦታ እያበጀላት።